«በገዛ እጁ ነው የዋጠው» ላሉት ሰውዬ

ሐምራዊ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ የሙዚቃ ባለሙያ ክኒን ውጦ ስለሞተው አሜሪካዊ ዘፋኝ ስለ ፕሪንስ ተጠየቀ። «በገዛ እጁ ነው የዋጠው፤ ሐኪሞቹን ተዉአቸው» ብሎ አረፈው። አዘጋጁም እሺ ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። ደሜ ነው የፈላው። ሰውዬው እኮ ለጨዋታ ክኒን የቃመ ጎረምሳ አይደለም። በረጅም ተረከዝ ጫማ መድረክ ላይ ሲዘል ኖሮ ዳሌው ተጎድቶ ነበር። ህመሙን ችሎ ነው ሲያስደስተን የኖረው። ኤፕሪል 14 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. አትላንታ ላይ ተጫወተ። ሲመለስ አውሮፕላን ውስጥ ራሱን ሳተ። ኢሊኖይ ውስጥ ሞሊን የምትባል ከተማ በድንገት አርፈው ናርካን በተባለው የማስታገሻ መድኃኒት ማርከሻ ነፍሱን መለሱለት። በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 21፣ ቤቱ ሊፍት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። 57 ዓመቱ ነበር። በዚያች አንድ ሳምንት ውስጥ ያየው ሁሉ ዝም ብሎ፣ ጥፋቱ የሟቹ ብቻ ይሆናል?

የኮቺ ልጅ፦ ወንድሜ ሐዘንህ ይገባኛል። ግን ሰውዬው ምን ተሳሳተ? ማንም አፉን ፈልቅቆ አልከተተበትም። በገዛ እጁ ነው የዋጠው። እኛ ሰፈር ልጅ በመጠጥ ሲሞት ባለግሮሰሪውን እንከሳለን? ለታዋቂ ሰው ሲሆን ግን ጥፋተኛ ፍለጋ እንወጣለን።

ሐምራዊ፦ ባለግሮሰሪ የሕክምና ቃለ መሐላ አልፈጸመም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ነጭ ጋዋን፦ ቁጣው እንዳለ ሆኖ ፍሬ ነገሩን እናስተካክል። ፕሪንስን የገደለው ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት አይደለም። ቫይኮዲን የተባለውን የህመም ማስታገሻ መስሎ የተሠራ አስመሳይ ክኒን ነው፤ ውስጡ ፌንታኒል ነበር። ፌንታኒል ከሞርፊን 100 እጥፍ ያህል ይበረታል። እሱ ቫይኮዲን የዋጠ መስሎት ነው። አቃቤ ሕጉ በ2018 ክኒኑ ከማን እንደመጣ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ማንንም ሳይከስ መዝገቡን ዘጋው። ስለዚህ «ሐኪሞቹ ገደሉት» ማለትም ልክ አይደለም።

ሐምራዊ፦ ዶክተር፣ ገደሉት አላልኩም። ግን ግማሹን ነግረኸን ግማሹን ተውከው። አንድ ሐኪም ለፕሪንስ የሚሆን ኦክሲኮዶን የተባለ ብርቱ ማስታገሻ በዘፋኙ ጓደኛ ስም ጻፈ ተብሎ አልነበረም? 30,000 ዶላር ከፍሎ ከመንግሥት ጋር አልተስማማም?

ነጭ ጋዋን፦ ተስማምቷል፤ ጥፋቱን ግን አላመነም። እንደ ባለሙያ ከጠየቅከኝ በሌላ ሰው ስም ማዘዣ መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው። የሚቀጥለው ሐኪም ካርዱን ሲያነብ በሽተኛው ምን እየወሰደ እንደሆነ አያውቅም። ፋርማሲስቱም አያውቅም። መረጃው ይበጠሳል። ቢሆንም የሞቱ ምክንያት ያ ማዘዣ አይደለም።

የኮቺ ልጅ፦ ተመልከቱ! ዶክተሩ ራሱ መሰከረ። አስመሳይ ክኒን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አምጥቶ የዋጠው ማነው? በገዛ እጁ።

ሲስተር፦ የኮቺ ልጅ፣ ይቺን «በገዛ እጁ» ደጋግመሃታል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው እንደ ኦክሲኮዶን ያለ ማስታገሻ ለወራት በየቀኑ ሲወስድ ሰውነቱ ይለምደዋል። ያኔ ድንገት ሲያቆም ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይቆረጣል፣ እንቅልፍ የለም። የድሮው ህመም ደግሞ ብሶ ይመለሳል። ይሄ የባህርይ ብልሽት አይደለም፤ የማንኛችንም ሰውነት ያንኑ ነው የሚያደርገው። ለዚህ ነው ያስጀመረ ሰው በቀስታ እየቀነሰ የማስቆም ግዴታ ያለበት። ጀምሮለት በራፍ ላይ የሚተወው ከሆነ በሽተኛው ወደ ጥቁር ገበያ ነው የሚሄደው። ያኔ እጁ የማን ነው?

የኮቺ ልጅ፦ እጁ የራሱ ነው ሲስተር። ያማል፣ ይከብዳል፣ አምናለሁ። ግን ሰውን ሁሉ ሕፃን አታድርጊው። ገንዘብ ነበረው። በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ሐኪም ቤቱ ድረስ ይመጣለት ነበር።

ሐምራዊ፦ እየመጣለት ነበር እኮ! አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው። ካሊፎርኒያ ያለ የሱስ ሐኪም እስኪደርስ ድረስ የገዛ ልጁን ቡፕረኖርፊን የተባለ የሱስ ማከሚያ አስይዞ በሌሊት በረራ ላከው። ልጁ ጠዋት ሲደርስ ፕሪንስ ሞቶ ነበር። አምቡላንስ የጠራውም ያ ልጅ ነው። ሰውዬው እርዳታ ፈልጓል ማለት ነው። መሞት የፈለገ ሰው ሐኪም አያስጠራም።

የማይክል ወገን፦ ሁላችሁም ፕሪንስ ፕሪንስ ትላላችሁ። የሐኪም ተጠያቂነት ከተነሳ መጀመሪያ ማይክል ጃክሰን ነው መነሳት ያለበት። ጁን 25 ቀን 2009። ኮንራድ መሪ የተባለው ሐኪሙ የቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ፣ ፕሮፖፎል፣ እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ መኝታ ቤት ውስጥ ሰጠው። የልብና የትንፋሽ መከታተያ በሌለበት! በ2011 ጥፋተኛ ተባለ፣ 4 ዓመት ተፈረደበት፣ 2 ዓመት ያህል ታስሮ ወጣ። ማይክልንም «በገዛ እጁ» ልትሉት ነው?

የኮቺ ልጅ፦ ያ ሌላ ነው። እዚያ ሐኪሙ ራሱ ሰጥቷል፤ ተፈርዶበታል። እኔ የምለው ፕሪንስን ነው።

ሲስተር፦ ማይክልም በአንድ ሌሊት እዚያ አልደረሰም። በ1984 የፔፕሲ ማስታወቂያ ሲቀረጽ ፀጉሩ ተቃጠለ። ለዚያ ቃጠሎ የህመም ማስታገሻ ተሰጠው። በ1993 ማስታገሻው ሱስ ሆኖብኛል ብሎ ራሱ ተናግሮ ጉብኝቱን አቋረጠ። አፉን ከፍቶ ተናገረ፤ ከዚያ በኋላም ግን የሚሰጠው ሰው አላጣም።

የማይክል ወገን፦ ተባረኪ ሲስተር። ደግሞ ማይክል ለኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ነው። በ77ቱ ድርቅ ያን ሁሉ ዘፋኝ ካሰባሰበው «ዊ አር ዘ ወርልድ» መዝሙር ጻፊዎች አንዱ እሱ ነው። ፕሪንስ መዝሙሩ በተቀዳበት ሌሊት ተጠርቶ አልመጣም።

ሐምራዊ፦ አሁን ይሄ ምን አመጣው? ሌሊቱን አልመጣም እንጂ ለዚያው አልበም የራሱን ዘፈን ሰጥቷል። ገቢው ለረሃቡ ነው የሄደው። ካላወቅክ ተወው።

የማይክል ወገን፦ መስጠትና መምጣት አንድ አይደለም። ወገኔ ሲራብ ቆሞ የዘፈነልኝን አልረሳም።

ሐምራዊ፦ ሁለቱም ሞተዋል። ሁለቱንም ያከሟቸው ሰዎች አሉ። እዚያ ላይ እናተኩር፣ እባክህ።

ጋሽ ድሬሰር፦ ልጆቼ፣ እኔ ድሬሰር ሆኜ ስጀምር ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም። የኔ ዘመን ሰው ዘፋኙ ኤልቪስ ፕሪስሊ ነው። በ42 ዓመቱ በ1977 ሞተ። ሐኪሙ በዚያው ዓመት በ8 ወር ውስጥ ብቻ ከ10,000 በላይ ክኒንና መርፌ አዞለት ነበር። ፍርድ ቤት ቀርቦ በ1981 ነፃ ወጣ። ፈቃዱ ለዘለቄታው የተነጠቀው በ1995 ነው። 18 ዓመት ቆይቶ! በዚያ መሀል ስንት ሌላ በሽተኛ አየ? ድሮ መርፌ የምንወጋው እኛ ነበርን፤ ሰዉ መርፌ ካልተወጋ ታከምኩ አይልም። እምቢ ማለት ከባድ ነው። ታዋቂና ሀብታም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ግን እምቢ ማለት የሙያው ግማሽ ነው።

የኮቺ ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን እምቢ ቢሉት ሌላ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ሀብታም ነው።

ጋሽ ድሬሰር፦ ይሂድ ልጄ። በኔ እጅ አይሁን።

የፋርማሲው ሰው፦ አሜሪካን እንርሳትና እዚሁ ጅማ እንምጣ። እኔ ቆሜ የምውለው መድኃኒት ቤት ነው። ትራማዶል ያለ ማዘዣ የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። ከጫት በኋላ ለጨብሲ አልኮሉን ትተው ወደ ክኒን የዞሩ አሉ። «ወገቤን አሞኝ ነው» ይላል፤ ወገቡን አልያዘም። እምቢ ስለው ተሳድቦ ይወጣል። ከዚያ ከየት እንደሚያገኝ እግዜር ይወቀው። ታዲያ ይሄ ልጅ ነገ ቢሞት ዘፋኝ ስላልሆነ አንድም ሰው አይከራከርለትም።

ነጭ ጋዋን፦ ይህን ስላነሳህ አመሰግናለሁ። ትራማዶልን ብዙ ሰው ከፓራሲታሞል ከፍ ያለ ተራ ማስታገሻ አድርጎ ነው የሚያየው። አይደለም፤ የሞርፊን ዘመድ ነው። መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲደባለቅ ይብሳል።

ሲስተር፦ ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። ትራማዶልንና ኮዴይንን ጉበት ነው ወደ ብርቱው ዓይነት የሚቀይራቸው። በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ቀያሪ ጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። በእነዚህ ሰዎች ሰውነት መድኃኒቱ ቶሎ ይቀየራል፣ ያለ ልክ ይበረታል። በ2017 አሜሪካ ሁለቱንም ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጡ ከልክላለች። እኛ ጋ ግን ለሳል ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ለልጅ የሚገዛ እናት አይቻለሁ። እናትየዋም በገዛ እጇ ነው የሰጠችው፣ የኮቺ ልጅ። ማን ነገራት ግን?

የኮቺ ልጅ፦ እሱ ላይ ልክ ነሽ። ያልተነገረው ሰው ሌላ ነው። ፕሪንስ ግን ተነግሮታል። ከሞሊን ሆስፒታል ምርመራ አልፈልግም ብሎ ነው የወጣው። ይሄንንስ ሐኪሙ ነው ያደረገው?

ሐምራዊ፦ እሱን አልክድም። ወጥቷል። ነፍሱ ከተመለሰችለት ሰዓታት በኋላ፣ አፍሮ፣ ስሙ እንዳይወጣ ፈርቶ ወጣ። እሱን የሚያክል ሰው «ሱሰኛ» ተብሎ ጋዜጣ ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ይህን ፍርሃት የፈጠረው አንተ ዛሬ የምትደጋግመው ንግግር ነው። ሱስ የያዘውን ሁሉ «በገዛ እጁ» ካልነው ተደብቆ ነው የሚሞተው።

የኮቺ ልጅ፦ አሃ፣ አሁን ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

የሄርማታዋ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ስለ ሞርፊን ስትፈሩና ስታስፈራሩ ልቤ ይቆስላል። እናቴን በጡት ካንሰር ነው ያጣኋት። መጨረሻ ላይ ህመሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። የሚዋጥ ሞርፊን ፍለጋ ስንት ቦታ ዞርኩ። አንዱ የለም አለኝ። አንዱ «ሱስ ያስይዛታል» አለኝ። ለምትሞት ሴት! እያቃሰተች ነው ያለፈችው። ወላሂ እስከ ዛሬ ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ። የአሜሪካ ዘፋኝ ብዙ ወስዶ ሞተ ብላችሁ የኛ እናቶች አንድ ጠብታ እንዳያገኙ አታድርጉ።

ሲስተር፦ አላህ ይማራት እህቴ። ልክ ነሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ሞርፊንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው ለእንደ እናትሽ ላለ ሰው ነው። ያ «ሱስ ያስይዛታል» ያለሽ ሰው የሰራው ጥፋት፣ ያለ ልክ ከሚሰጠው ሐኪም ጥፋት አያንስም። ሁለቱም በሽተኛውን አላዩትም።

ነጭ ጋዋን፦ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ በማስታገሻ ሱስ እዚያ የደረሰችው ሐኪም ሁሉ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ኦክሲኮንቲን የተባለው የኦክሲኮዶን ክኒን በ1996 ገበያ ሲገባ አምራች ኩባንያው ሱስ የማስያዝ አቅሙ አነስተኛ ነው ብሎ ለሐኪሞች አስተማረ። በ2007 መድኃኒቱን በተሳሳተ መንገድ ማስተዋወቁን ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ፤ ኩባንያውና ኃላፊዎቹ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉ። እኛም ተማሪዎች ሆነን ስለ ህመም ሕክምና የተማርነው ጥቂት ነው። ከፍርሃትና ከግዴለሽነት መሀል መንገድ የሚያሳየን ያስፈልገናል።

የፋርማሲው ሰው፦ ዶክተር፣ ይሄ ጥሩ ነው። ግን እናንተም ማዘዣው ላይ «ትራማዶል» ብላችሁ ጽፋችሁ ለስንት ቀን እንደሆነ የማትጽፉበት ጊዜ አለ። በሽተኛው ያንኑ ወረቀት ይዞ ደጋግሞ ይመጣል። እምቢ ስለው «ሐኪም ያዘዘልኝን አንተ ማነህ?» ይለኛል።

ነጭ ጋዋን፦ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውስ? ከናንተ ሙያ አይደለም?

የፋርማሲው ሰው፦ አለ፤ አልክድም። የሚሸጥ አለ። ግን ሁላችንንም በአንድ ከረጢት አትክተተን። እኔ ስንቱን መልሼ ስድብ እንደጠጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የማይክል ወገን፦ ጨዋታው ከዘፋኞቹ ራቀ።

የሄርማታዋ፦ አልራቀም። ሰው ሲታመም ማን እንደሚያየው ነው እየተነጋገርን ያለነው።

የኮቺ ልጅ፦ እህቴ፣ የእናትሽ ነገር አሳዝኖኛል፤ ነፍሷን ይማር። እሷ ላይ ጥፋቱ የሐኪሞቹ ነው፤ እስማማለሁ። ፕሪንስ ላይ ግን አቋሜን አልቀይርም። ከአንዱ ሞት የተረፈው ሰው ሁለተኛውን በገዛ እጁ ነው የጠራው።

ሐምራዊ፦ ካሴቱን መርካቶ ሙዚቃ ቤት አስቀድቼ ያደግኩበት ሰው ነው። በሽተኛ ነበር። በሽተኛ ሆኖ ሞተ። ቅዳሜ ያ ፕሮግራም ሲጀመር እደውላለሁ፤ እንግዳውንም በሌላ ሰው ስም ስለተጻፈው ማዘዣ ምን እንደሚል እጠይቀዋለሁ።

የኮቺ ልጅ፦ ደውል። እኔም እደውላለሁ።

ጋሽ ድሬሰር፦ ሁለታችሁም ከደወላችሁ ስለ ትራማዶሉም አንሱላቸው። የሰማ ወላጅ ይኖራል።