ኤምኤስ ላለብን የቤት ውስጥ ነርቭ ማነቃቂያ፦ የቱ ለምን ይሆናል?

አንዲት እህት «ኤምኤስ አለብኝ፤ ነርቭ የሚያነቃቃ ማሽን የቱን ልግዛ?» ብላ ጠይቃለች። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ አንጎልንና የአከርካሪ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ጋር ስምንት ዓመቴ ነው። የማሽን ስም ከመፈለግሽ በፊት በጣም ያስቸገረሽ ምን እንደሆነ ለዪ። ሽንት ነው? እግር ነው? ሕመም ነው? ማሽኖቹ ምልክት ያቀላሉ እንጂ በሽታውን አያክሙም፤ መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ።

ርካሹ ቴንስ ነው፤ በቆዳ በኩል ወደ ነርቭ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚልክ ማሽን። ሞባይል የምታክል ሳጥንና የሚለጠፉ ፓዶች ናቸው። ከ30 እስከ 60 ዶላር አውጥተሽ ፋርማሲ ታገኚዋለሽ፤ ማዘዣ አይጠየቅም። የሚሸጠው ለሕመም ነው። እኔን የጠቀመኝ ግን ለሽንት ነው። ፊዚዮቴራፒስቴ አንዱን ፓድ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ፣ ሌላውን 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋ ለጠፈችልኝ። እዚያ የሚያልፈው ነርቭና የሽንት ፊኛ ነርቮች መነሻቸው አንድ ቦታ ነው፤ ከወገብ በታች። ማሽኑን 10 ኸርዝ (በሰከንድ አሥር ምት)፣ የምቱን ርዝመት 200 ማይክሮሰከንድ ላይ አደረገችውና ኃይሉን ቀስ በቀስ ጨመረች። አውራ ጣቴ ብቻዋን ብድግ ቁጭ ማለት ስትጀምር «አገኘነው!» አለች። በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት። እናቴ ቡናዋን እየቆላች «ደግሞ ኮረንቲ?» ብላ አማተበች። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ቅዳሴ ሳላቋርጥ ማስቀደስ ጀመርኩ። ለሁሉም ሰው እንዲህ አይሆንም፤ ግን በዚህ ዋጋ መሞከር አይቆጭም።

እግርሽ የሚጎተት፣ ጣትሽ ምንጣፍ ላይ የሚያዝ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ቴንስ አይደለም፤ ኤፍኢኤስ ነው፤ ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅስ ማሽን። ከጉልበት በታች ይታሰራል። እግርሽን ስታነሺ ነርቩን ይነካና የእግርሽን ፊት ቀና ያደርገዋል። እዚህ አገር ዎክኤይድና ባዮነስ ኤል300 ጎ የሚባሉ አሉ፤ እንግሊዝ ያላችሁ ኦድስቶክ የሚባለውን ጠይቁ። ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ለመራመጃ የሚከፍለው የአከርካሪ ጉዳት ላለባቸው ስለሆነ የኛን አይሸፍንም። ስለዚህ ክሊኒክ ውስጥ ታስሮልሽ ሳትራመጂ ገንዘብ አታውጪ። እኔ ርካሽ ብዬ ያገለገለ በኦንላይን ገዛሁ። ለካ ማሰሪያው የግራ እግር ነው። የኔ የሚጎተተው ቀኙ! ሻጩም ድምፁን አጠፋ።

ፖንስን አልሞከርኩትም። ምላስ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2021 ቀላልና መካከለኛ ምልክት ላላቸው፣ ለአካሄድ ችግር ፈቅዶታል። ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ከፊዚዮቴራፒ ጋር 14 ሳምንት ይፈጃል፤ ዋጋው ግን የመኪና ነው። ኢንሹራንስሽ እከፍላለሁ ካላለ እኔ አልመክርም።

ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ያለው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሐኪም ሳታማክሩ እነዚህን ማሽኖች እንዳትነኩ። ፓድ አንገት፣ ፊትና ደረት ላይ አይለጠፍም። የደነዘዘ ቆዳ ላይም ተጠንቀቁ፤ ቢያቃጥላችሁ አይሰማችሁም።

አንድ ወንድም ደግሞ አዲስ አበባ ላለች እህቱ ማሽን መላክ ፈልጎ ጠይቋል። ወንድሜ፣ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራውን ቴንስ ላክላት፤ መብራት ቢጠፋም አያስቸግራትም። ፓዱ ቶሎ ስለሚያልቅ አምስት ስድስት ፓኬት ጨምር። ቅባት የተቀባ እግር ላይ እንዳትለጥፈው ንገራት፤ ማጣበቂያውን ይገድለዋል።