ሀኪም ኦላጁዎን ለአሜሪካ መሰለፉ ክህደት ነው?

ቋሚ ተሰላፊ፦ የቅርጫት ኳሱ ኮከብ ሀኪም ኦላጁዎን ናይጄሪያ፣ ሌጎስ ተወልዶ አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው በአሜሪካ ማሊያ ነው። እኔ ክህደት ነው ባይ ነኝ። በወጣትነቱ ለናይጄሪያ ተሰልፏል እኮ! ለአሜሪካ ለመጫወት የፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ልዩ ፈቃድ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

የሳሪሱ፦ ቀስ በል ወንድሜ። የናይጄሪያ ወንዶች ቡድን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ2012 ነው፤ ሰውዬው ጫማውን ከሰቀለ ከአሥር ዓመት በኋላ! ቁጭ ብሎ ይጠብቅ?

ቋሚ ተሰላፊ፦ እሱ ቢኖርበት ቀድሞ ይገባ ነበራ።

መቅዲ፦ ቅርጫት ኳስ በአንድ ሰው አይሆንም። ደግሞስ ኮከብ ያደረገው ማነው? ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ በአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ በኤንቢኤ የሚጫወተው ሂውስተን ሮኬትስ። በ1994 እና በ1995 ዋንጫውን ያነሳው እዚያው ነው። ዜግነቱንም የወሰደው በ1993 ነው እንጂ አውሮፕላን እንደወረደ አይደለም።

ጋሽ ታዬ፦ እዚህ ላይ አልስማማም ልጄ። ሌጎስ እያለ የእጅ ኳስ ተጫዋችና የእግር ኳስ በረኛ ነበር፤ ቅርጫት ኳስ የጀመረው ዘግይቶ ነው። የ1995ቱን ከዴቪድ ሮቢንሰን ጋር ያደረገውን ጨዋታ ፈልጋችሁ እዩ። ሮቢንሰን የዓመቱ ኮከብ ተብሎ ነበር። ሀኪም ጀርባውን ሰጥቶት ይቆማል፣ በትከሻው ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ይመስላል፣ ያ ሲከተለው በሌላው በኩል ዞሮ ያገባል። ሮቢንሰን ደጋግሞ አየር ላይ ቀረ። ያን የእግር ቅልጥፍና ያመጣው ከሌጎስ ሜዳ ነው፤ አሜሪካ ያገኘችው የተሠራ ልጅ ነው።

ነጃት፦ ታዲያ ምኑን ካደ ነው የምትሉት? በፌብሩዋሪ 1995 ረመዳንን እየጾመ የኤንቢኤ የወሩ ኮከብ ተብሏል። ማንነቱን የጣለ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ቋሚ ተሰላፊ፦ ስለ ሃይማኖቱ ማን አነሳ? እኔ የማወራው ስለ ማሊያ ነው። በ2024 ፓሪስ ሲፋን ሀሰን ለኔዘርላንድ ሮጣ ማራቶኑ መጨረሻ ላይ ትዕግስት አሰፋን ስትቀድም ያልተቃጠላችሁ እጃችሁን አውጡ!

የሳሪሱ፦ ተቃጥያለሁ፤ ግን ከሃዲ አላልኳትም። በልጅነቷ ተሰዳ የወጣች ናት፣ ያሳደጋት አገር ነው ያሰለፋት።

መቅዲ፦ እዚያው ፓሪስ ላይ የናይጄሪያ ሴቶች ሩብ ፍጻሜ ገብተው የለ? ከአፍሪካ የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ቡድን ናቸው። መሀላቸው አሜሪካ ያደጉ አሉ። አሜሪካኖች ከሃዲ ይበሏቸው?

ቋሚ ተሰላፊ፦ ያ ሌላ ነው። ሀኪም አንዴ ለብሶት ያወለቀውን ማሊያ ነው የምላችሁ።