«ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» የሚባለው የክብደት መቀነሻ እንክብል ይታመናልን?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ እህቴ በቴሌግራም የሚሸጥ የክብደት መቀነሻ እንክብል ልትገዛ ነው። የደም ግፊት ስላለባት ሠግቻለሁ። እንዲህ ያለው እንክብል በእርግጥ ይሠራልን?

መላሽ፣ ፋርማሲስት፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ሲቡትራሚን የተባለው የምግብ ፍላጎት ቀናሽ መድኃኒት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚጨምር፣ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎችም ላይ ለድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋትና ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድልን ከፍ ስለሚያደርግ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ሆኖም «ዕፅዋት» በሚል ስም በሚሸጡ እንክብሎች ውስጥ ሳይገለጽ ተቀላቅሎ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። እህትዎ ባይወስዱት ይሻላል።

ሌላ መላሽ፦ ጎረቤቴ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከስታ አይቻለሁ።

ፋርማሲስቱ፦ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ የሚያሸና ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ስላለባቸው የሚቀንሰው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ውኃው ደግሞ ይመለሳል። ጥናት ከተደረገባቸው የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች መካከል ኦርሊስታት የተባለው ከምንበላው ስብ ሲሶ ያህሉ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል፤ ውጤቱ ግን መጠነኛ ነው፤ የእንጀራንና የዳቦን ጉልበት ሰጪ ንጥረ ነገርም አይነካም። ኦርሊስታት የወሰደ ሰው ጣና ዳር ተቀምጦ በዘይት የተጠበሰ ዓሣ ቢያዘወትር ቅባት የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሊያስቸግረው ይችላል (ይህን ሻጮች አይናገሩም)። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በሚገባ እንዳይመጠጡም ያደርጋል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ሳትገዛ ሐኪሟን እንድታማክር እነግራታለሁ።

ፋርማሲስቱ፦ የምትወስደውን የግፊት መድኃኒት ይዛ ትሂድ።