እናቴ ጨረሯን አቋርጣ ግሸን ልሂድ ትላለች፤ ሁለት ሳምንት ብትቆይ ምን ይመጣል?

የአምባሰሏ ልጅ፦
ሰላም ወገኖቼ። እናቴ ደሴ ተመርምራ የማህፀን በር ካንሰር፣ ደረጃ ሁለት ተባለችና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላት። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ጨረር ጀምራ ከሰኞ እስከ አርብ እየተመላለሰች ነው። በሳምንት አንድ ቀን ኬሞም (የካንሰር መድኃኒት) አላት። ያረፍነው የአክስቴ ልጅ ቤት ነው።

ስትመጣ ደም ይፈሳት ነበር። በሽታው ካለው ሽታ የተነሳ ሰው አጠገብ መቀመጥ እንኳ ትሸማቀቅ ነበር። አሁን ደሙ ቆሟል፣ ሽታውም ጠፍቷል፣ እንጀራም መቅመስ ጀምራለች። እሷ ግን “ድኛለሁ፤ መስከረም 21 ግሸን ሄጄ ስለቴን ላድርስ፣ ጠበሉንም ልጠጣ፣ የቀረኝን ስመለስ እጨርሳለሁ” ብላ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ይዛለች። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ግሸን ቀርታ አታውቅም። ወንድሜም “ሁለት ሳምንት ምን አላት፣ አየር ትቀይር” እያለ ያግዛታል። ሐኪሙ “አይቻልም” አለና የሚቀጥለውን ታካሚ ጠራ። እናቴን በ“አይቻልም” ብቻ መመለስ አልችልም። ምክንያቱን የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የወረኢሉ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ። የጨረር ክፍል ባለሙያ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ መጠየቅሽ ራሱ ለእናትሽ ትልቅ ነገር ነው።

የደሙ መቆም ጨረሩ እየሠራ መሆኑን ያሳያል እንጂ በሽታው ማለቁን አያሳይም። ደሙ ብዙ ጊዜ ከበሽታው ቀድሞ ይቆማል። ብዙ እናቶች የሚጠፉብን እዚህ ጋ ነው፤ ሕመሙ ሲቀል አገራቸው ይገቡና ሲመለሱ ዕጢው እንደገና አድጎ እናገኘዋለን።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። ጨረር ከተጀመረ ሦስት አራት ሳምንት ሲሆነው፣ ያልሞቱት የካንሰር ሴሎች ከበፊቱ ፈጥነው መባዛት ይጀምራሉ። እናትሽ አሁን ያለችው ልክ እዚያ ላይ ነው። እናትሽ ገበሬ ከሆኑ እንዲህ በያቸው፦ ግማሹ የታረመ የጤፍ ማሳ ለሁለት ሳምንት ቢተው፣ የቀረው አረም ባዶውን ቦታ አግኝቶ ይብሳል። በየቀኑ የምንሰጠው መጠን የተቀመረው ሳይቋረጥ እንዲሄድ ነው። በመሃል ከቆመ የቀረው መጠን የተባዛውን አይችለውም። መጠኑን እንዳንጨምር ደግሞ ፊኛና አንጀት ይጎዳሉ።

አሁን ቀኑን አብረን እንቁጠር። ከውጭ የሚሰጠው ጨረር አብዛኛውን ጊዜ 25 ቀን ነው፤ አምስት ሳምንት ይወስዳል፣ ጠቅላላ መጠኑ ከ45 እስከ 50 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ነው። ከዚያ በብልት በኩል ዕጢው አጠገብ የሚሰጥ የውስጥ ጨረር አለ፣ ብራኪቴራፒ የምንለው፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በ8 ሳምንት፣ ማለትም በ56 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። አምስቱን ሳምንት ስትቀንሺ ሦስት ሳምንት ይተርፋል። የውስጡም ጨረር፣ እንቁጣጣሽና መስቀልም፣ ማሽን የሚበላሽበትም ቀን ከዚያው ከሦስቱ ሳምንት ነው የሚወጣው። ወንድምሽ ያለው ሁለት ሳምንት ያንን ትርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል።

ሰይድ ከኮምቦልቻ፦
አላህ ያሽርልሽ እህቴ። ባለቤቴ ይህንኑ ሕክምና ጨርሳለች። በመሃል አጎቷ ሞተው ለለቅሶ ካልሄድኩ ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ደውለው “ሐዘንሽን እዚያው ሁነሽ ተቀመጪ፣ እኛ እንቆምልሻለን” አሏት። ከእኔ ቃል ይልቅ የእነሱ ሰማች። የእናትሽን የንስሐ አባት በስልክ አገናኚያቸው።

ደግሞ መንገዱን አስቢ። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሄዱ በኋላ መንገድ ቢዘጋ ማን ይመልሳቸዋል?

ጦሳ ሥር፦
ላስፈራራሽ አይደለም፣ ግን አክስቴ ያኔ በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው አንድ ቦታ ብቻ በነበረበት ጊዜ በማሽን ብልሽት ብዙ ተቋርጦባት ነው የጨረሰችው። ዛሬም ደህና ናት። ቀን መቁጠሩ ይህን ያህል ለውጥ አለው?

የወረኢሉ ልጅ፦
አክስትህን ዕድሜ ይስጥልን። የዘገየ ሁሉ ይሞታል አላልኩም፤ የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከአሜሪካ ዊስኮንሲን የወጣ ጥናት 209 ሴቶችን ተመልክቶ ነበር። በ55 ቀን ውስጥ ከጨረሱት በ87 በመቶው፣ ካለፉት ደግሞ በ72 በመቶው በሽታው እስከ አምስት ዓመት ዳሌ ውስጥ አልተመለሰም። ከ55 ቀን በኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ቀን ከዚህ ዕድል 0.7 በመቶ ገደማ ይወስዳል። የዘገዩት ቀድሞውንም የባሰባቸው ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ክርክር አለ፣ ትክክለኛ ክርክር ነው። ግን ኬሞ አብሮ መሰጠት ከጀመረ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ከ56 ቀን ያለፉት ላይ ዳሌ ውስጥ መመለሱ በሦስት ዓመት 26 በመቶ ነበር፤ በጊዜው በጨረሱት ላይ 9 በመቶ። ለእኔ ይህ በቂ ነው።

የአምባሰሏ ልጅ ሆይ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። የደም ምርመራዋ ወርዶ ኬሞው ቢዘለል፣ ሐኪሙ ካላስቆመ በቀር ጨረሩ አይቆምም፤ ቤት እንዳትቀሩ። ደም ማነስም ጨረሩን ያዳክመዋል፤ ደም ይሰጣት ከተባለ ዘመዶቻችሁን ቶሎ አስተባብሪ። በበዓልና በብልሽት የጠፋባት ቀን ካለ ደግሞ እንዴት እንደሚካካስ ሐኪሟን ጠይቂ። ቅዳሜ ሊያስመጧት ወይም በአንድ ቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት አራርቀው ሁለቴ ሊሰጧት ይችላሉ። ውሳኔው የእነሱ ነው፣ ጥያቄው ግን የአንቺ ይሁን።

ጠበሉን የሚመለስ ሰው ይዞላቸው ይምጣ። ጨረሩ ሆድ ስለሚያላላ ለመጠጣቱ ሐኪም ይጠየቅ፤ ሲቀቡትም ለጨረሩ ቆዳቸው ላይ የተሰመረው ምልክት እንዳይለቅ።

የአምባሰሏ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። የንስሐ አባቷን ደወልኩላቸው። “ስለትሽን እኔ አደርስልሻለሁ፣ አንቺ ጥር 21 በእግርሽ ትወጫለሽ” አሏት። ትንሽ አኮረፈች፣ ግን ሻንጣውን ፈታች። ወንድሜ የቀኑን ስሌት ሳነብለት ዝም አለ፤ ለደሙ ነገ ይመጣል። እንቁጣጣሽ ዕለት ማሽኑ ዝግ ነበር፤ ሰኞ ያንን ቀን እጠይቃለሁ። ሰይድ፣ ባለቤትህ የውስጡን ጨረር ስትወስድ ያመማት ነበር? እናቴ ስለሱ መጠየቅ ጀምራለች።