በታኅሣሥ ቤት ያፈሳል እንዴ?

የግንፍሌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ቤቱ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ችፑድ። ሐምሌ ላይ መታጠቢያ ቤቱን አሳደስን፤ ሴራሚክ ተነጠፈ፣ ቦይለር ገባ፣ ኮርኒሱ ላይ ደግሞ እንፋሎት የሚያወጣ ፋን ተገጠመ። እስከ ጥቅምት ምንም አልነበረም። ከኅዳር ወዲህ ግን ኮርኒሱ ሻይ የተደፋበት መስሎ ቡናማ ክብ አወጣ። ክቡ በየሳምንቱ ይሰፋል። አሁን ኮሪደሩ ደርሷል፣ ጠርዙም ጥቁር ሻጋታ ይዟል።

የገረመኝ ዝናብ የለም! ሰው አምጥቼ የሚስማር ቀዳዳውን ሁሉ በሬንጅ አስደፈንኩ። ወይ ፍንክች። እማዬ «ድመት ናት የሸናችበት» ብላ ፋይሉን ዘግታለች። ድመት ይሄን ያህል ትሸናለች? አንድ ነገር ልጨምር፤ ጠብ ጠብ ሲል የምሰማው ጠዋት፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ነው። ምን ይሆን?

አናጢው፦
እህቴ፣ ቤትሽ አያፈስም። ቆርቆሮው አልቦት ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ያ ፋን እንፋሎቱን የሚተፋው ወዴት ነው? ውጭ ወይስ ኮርኒሱ ውስጥ?

የግንፍሌዋ፦
ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አላየሁም። ሲበራ ይጮኻል፣ መስታወቱም ጉም አይይዝም። ይሠራል ብዬ ተውኩት።

አናጢው፦
እሱማ ይሠራል። ከመታጠቢያ ቤት አንስቶ ኮርኒስ ውስጥ ይጥለዋል። እንጀራ ስትጋግሪ አክንባሎውን አንስተሽ ታውቂያለሽ? ከውስጡ የሚንጠባጠበውን አስቢው። ያንቺ ቆርቆሮ አክንባሎ ሆኗል። በታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቆርቆሮውም ሙቀቱን ወደ ላይ ለቆ ከአየሩ ራሱ የባሰ ይበርዳል። ማታ ታጥባችሁ የላካችሁት እንፋሎት እሱን ሲነካ ውሃ ይሆናል። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ለዚህ ነው ጉዱ በኅዳር የወጣው። ሬንጁ ምንም አያደርግም፤ ውሃው የሚመጣው ከታች ነዋ።

መፍትሔው ቱቦ ነው። ለ4 ኢንች ፋን ባለ 110 ሚሊ ፒቪሲ ይሆናል፤ መጋጠሚያውን በፕላስተር አሽጉት። በአጭር መንገድ፣ ሳይጠማዘዝ፣ ወደ ውጭ ትንሽ አዘቅዝቆ በግድግዳው ይውጣ። ያ እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጠውን ቱቦ አትግዙ፤ መሐሉ ይረግብና ውሃ ይቋጥራል። ጫፉን ከክዳኑ ጠርዝ ሥር አታስቀሩት፣ እንፋሎቱ በዚያው ተመልሶ ይገባል። አየር ወደ ውስጥ ሲመጣ የምትዘጋ ክዳን ያላት አፍ አድርጉለት። ኮርኒስ ውስጥ የሚያልፈውን ቱቦ ደግሞ በስፖንጅም ሆነ በሌላ ሙቀት በሚይዝ ነገር ጠቅልሉት። አለበለዚያ ላቡ ቱቦው ውስጥ ይጀምራል።

ሦስተኛ ፎቅ፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? መስኮት መክፈት ነው። መብራት ሲጠፋስ ፋኑ ምን ሊፈይድ ነው?

የግንፍሌዋ፦
መስኮታችን የጎረቤት ግቢ ላይ ነው የሚከፈተው። እማዬ ሞታ ነው!

ገመድ ጎታቹ፦
ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ጥፋቱ የኛ የሙያተኞቹ ነው። ቀዳዳ በስተን፣ ገመድ አገናኝተን፣ ሲዞር አሳይተን ሂሳብ ተቀብለን እንሄዳለን። ከበላዩ ማን ያያል? ቱቦው ካለቀ በኋላ ግን ሁለት ነገር ሞክሪ። አንዱ፣ በሩን ዘግተሽ አንድ ቅጠል ሶፍት ፋኑ አፍ ላይ አስጠጊ። ከያዘው ይስባል፣ ከወደቀ የሆነ ቦታ ተዘግቷል። ሁለተኛው የበሩ ሥር ነው። ከበሩ በታች አንድ ሁለት ሳንቲ ክፍተት ከሌለ ፋኑ የሚስበው አየር አያገኝም፣ ዝም ብሎ ይጮኻል። ከታጠባችሁ በኋላም ወዲያው አታጥፉት፣ 20 ደቂቃ ይዙር። መብራት ከሌለ እንግዲህ የሦስተኛ ፎቁን ምክር መስማት ነው።

የግንፍሌዋ፦
ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መሰላል ተውሼ፣ ሞባይሌን አብርቼ ጭንቅላቴን አስገባሁ። ጋሼ፣ እንዳሉት ነው። ከቆርቆሮው በታች ብቅ ባለው በእያንዳንዱ የሚስማር ጫፍ ላይ አንዳንድ ጠብታ ተንጠልጥሏል፤ በመብራቱ ያብለጨልጫል። ሬንጅ ያስቀባሁባቸው ሚስማሮች ጭምር! የፋኑ አፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አንጋጧል፣ ቱቦ የሚባል ነገር የለም። አጠገቡ ያለውን ሞራሌ በጥፍሬ ስጫነው ገባልኝ።

እማዬም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ፋኑ ሥር፣ ሙቀት ያለበት ቦታ ላይ፣ ድመት ተኝታለች። አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ቱቦው ቅዳሜ ይገባል። ችፑዱን ልቀይረው ወይስ ቀለም ልቀባው?

አናጢው፦
ቀለም እንዳትነኪ፤ እርጥበቱን ያፍነዋል። ቱቦው ይግባና ሦስት አራት ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊው፤ የሚሰረጉደውን ብቻ ቆርጠሽ ቀይሪ። ያ በጥፍር የገባው ሞራሌ ግን አሁኑኑ ይውጣ። ሻጋታውን በውሃ በቀጠነ በረኪና ጥረጊው፣ አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ በሩን ከፍተሽ። ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅዪው፣ መርዝ ነው። ቀለሙ ለፋሲካ ይደርሳል።

የግንፍሌዋ፦
እሺ ጋሼ። ድመቷንስ?

አናጢው፦
ቱቦው ከገባ ስለሚበርዳት ራሷ ትወርዳለች።