ደረሰኝ ያልተሰጠው ቸርቻሪ ደረሰኝ ይቁረጥ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ በንግድ ሥነ ምግባርና ሕግ ክፍለ ጊዜ የጀመርነውን ክርክር ሰዓቱ አቋረጠው። እዚህ እንቀጥል። ላልነበራችሁ ጥያቄውን ልድገመው። አንድ ቸርቻሪ መርካቶ ካለ ጅምላ ሻጭ ዕቃ ይገዛል። ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ አይሰጠውም። ቸርቻሪው ሱቁ ወስዶ ሲሸጥ ግን ሕጉ ደረሰኝ ቁረጥ ይለዋል። ካልቆረጠ ይቀጣል። ይሄ ፍትሐዊ ነው? ያለ ደረሰኝ ቢሸጥስ ጥፋተኛው እሱ ነው ወይስ ከላይ ያለው?

በኅዳር 2017 መርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው የነበረው በዚሁ የደረሰኝ ቁጥጥር የተነሳ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዕቃ ሊወረስ ነው ተብሎ ተወራ፤ የከተማው ገቢዎች ቢሮም አስተባበለ። ስለዚህ የምንከራከረው ከመጽሐፍ በወጣ ምሳሌ ላይ አይደለም። ያያችሁትን አምጡ። የሰውና የድርጅት ስም ግን አንጥራ።

የሳሪሱ ቸርቻሪ፦
ጉዳዩ የእኔ ስለሆነ እኔ ልጀምር። የሕፃናት ልብስ ነው የምሸጠው። በየሁለት ሳምንቱ መርካቶ እሄዳለሁ። ከደንበኛዬ ጋር ሰላም ተባብለን፣ ዕቃ መርጬ ሳበቃ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" በደረሰኝ ካልኩ ዋጋው ይጨምራል። የሚጨምረው ደግሞ 15 በመቶው ቫት (የተጨማሪ እሴት ታክስ) ብቻ አይደለም። አንዳንዴ አሁን እጄ ላይ የነበረው ዕቃ "አልቋል" ይባላል። አንዳንዴ ደረሰኝ ይቆርጥልኛል፤ የከፈልኩት 80 ሺህ ከሆነ ደረሰኙ ላይ 30 ሺህ ይጻፋል። ቀሪውን 50 ሺህ የት ላስመዝግበው?

ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። እኔ መንገድ ዳር ነኝ። ታፔላዬ ይታያል፣ ፈቃዴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ የደረሰኝ ማሽኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። የጅምላ ሻጩ መጋዘን በር ላይ ምንም አልተጻፈም። ግብር አልከፍልም አላልኩም። ያላተረፍኩትን ከየት አምጥቼ ልክፈል ነው የምለው።

የሕግ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ችግርህ ይገባኛል። ግን ሁለት ነገር እየተደባለቀ ነው። ደረሰኝ የመቁረጥ ግዴታህ የሚመጣው ከሽያጭህ ነው፤ እንዴት ገዛህ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ያለ ደረሰኝ መሸጥን በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በእስርም ያስቀጣል። "እኔም አልተሰጠኝም" የሚል መከላከያ የለውም።

ደግሞ ደረሰኝን የመንግሥት ወረቀት ብቻ አድርገን አንየው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴው ለሸማቹ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ያለ ደረሰኝ በምን ያስረዳል? ከላይ ያለው በደለኝ ብለህ ከታች ያለችውን እናት ማስረጃ ታሳጣታለህ።

የጀሞዋ እናት፦
ያቺ እናት እኔ ነኝ። ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ጳጉሜን ላይ ገዛሁ። ሻጩ "ያለ ደረሰኝ ከሆነ 150 ብር እቀንስልሻለሁ" አለኝ። ቀነሰልኝ፤ አመስግኜው ወጣሁ። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት የግራ እግሩ ሶል ከፊት በኩል ተላቀቀ። ልጄ በካልሲዋ አስፋልቱን እየነካች ነው ቤት የገባችው። ይዤው ስመለስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ከእኔ ለመግዛትሽ ምን ማስረጃ አለሽ? ደረሰኝሽን አሳዪኝ።"

ልከራከረው አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ። የተስማማሁት እኔ ራሴ ነኛ። ያን ቀን 150 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ልጠይቃችሁ፦ እኔ እንደ ገዢ ጥፋተኛ ነኝ? በዚህ ኑሮ ቅናሽ ሲሉኝ እንቢ ልበል?

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
እህቴ፣ በአንቺ አልፈርድም። መጀመሪያ ግን የሳሪሱን ወንድማችንን ነገር በቁጥር ላሳይ። ብዙ ሰው ችግሩ ቫቱ ይመስለዋል፤ አይደለም።

አንድ የሕፃን ጃኬት እንውሰድ። ለቫት የተመዘገበ ቸርቻሪ በደረሰኝ ሲገዛ 1,000 ብር ዋጋና 150 ብር ቫት ይከፍላል። 200 ብር አትርፎ በ1,200 ሲሸጥ 180 ብር ቫት ይሰበስባል። ከ180ው ላይ ሲገዛ የከፈለውን 150 ይቀንስና 30 ብር ያስገባል። አሁን ደግሞ ያለ ደረሰኝ በ1,000 ገዛ እንበል። በደረሰኝ ሲሸጥ 180ውን በሙሉ ማስገባት አለበት። ግን 150ውን ለጅምላ ሻጩ አልከፈለም። እስካሁን አልተጎዳም።

የሚጎዳው ዓመቱ መጨረሻ ላይ፣ የገቢ ግብር ሲመጣ ነው። የከፈለው 1,000 ብር ወረቀት የለውም፤ ወረቀት የሌለው ወጪ አይያዝለትም። ስለዚህ ትርፉ 200 መሆኑ ይቀርና 1,200 ሆኖ ይቆጠራል። ከፍተኛው እርከን ላይ ከደረሰ ግብሩ 35 በመቶ ነው። የ1,200 ብር 35 በመቶ 420 ነው። 200 ብር ያተረፈ ሰው 420 ክፈል ይባላል። ይሄ ከትርፉ አልፎ ዋናውን ይበላል። ጎረቤቱ ደግሞ ያንኑ ጃኬት ያለ ደረሰኝ በ1,250 ይሸጣል። ገዢ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ሂሳብ የምሠራላቸው ነጋዴዎች ማታ ማታ ካርቶን ሙሉ ብጥስጣሽ ወረቀት ይዘውልኝ ይመጣሉ። ግማሹ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ማኅተም የሌለው ነው። "ይሄን አስገቢልኝ" ይሉኛል። አላስገባም። ከባዱ ግን ሰዎቹ ገንዘቡን በእውነት ከፍለዋል። ውሸታም አይደሉም።

ጡረተኛው፦
ልጄ ጥሩ አስረዳሽ። እኔ ረጅም ዘመን ግብር ስወስን የኖርኩ ሰው ነኝ። የመንግሥትን ወገን ልያዝ፤ እዚህ የሚይዝለት ሰው አላየሁም።

አገራችን ከጠቅላላ ምርቷ በግብር የምትሰበስበው ከ10 በመቶ በታች ነው። ደሞዝተኛው ደሞዙ እጁ ሳይገባ ይቆረጥበታል፤ መደበቂያ የለውም። ነጋዴው "አልተሰጠኝም" ባለ ቁጥር ጎዶሎውን የሚሞላው መምህሩና ነርሷ ናቸው። ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ምን እንደሚመጣ በሐምሌ 2009 አይተናል። የደረጃ ሐ፣ ማለትም ትንሹ ነጋዴ መዝገብ ስለሌለው የቀን ገቢው በግምት ተወሰነ። ግምቱ በዛ ተብሎ አምቦም ወሊሶም አዲስ አበባም ሱቅ ተዘጋ። ግምት ሁልጊዜ ያጣላል። ከግምት የሚያድነን ወረቀት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን እመሰክራለሁ። ቁጥጥር ሲወጣ ወደ ቸርቻሪው የሚኬደው ቀላል ስለሆነ ነው። ዕቃ ገዢ መስሎ መግባት፣ ደረሰኝ መጠበቅ፣ ካልተቆረጠ መያዝ። ግማሽ ቀን አይፈጅም። አስመጪውን መመርመር ግን የባንኩን፣ የጉምሩኩንና የመጋዘኑን ሰነድ ማገናኘት ይጠይቃል። ወራት ይወስዳል። እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ስንት ተያዘ የሚለው ነበር። አሥር ሱቅ የያዘ ልጅ ይመሰገናል። አንድ አስመጪ ላይ ስድስት ወር የቆየው ምን ሠራህ ይባላል።

ከዱባይ፦
ጋሼ የነገሩን ነገር ምንጩ ደግሞ እዚህ ነው ያለው። እኔ ዱባይ፣ ዴይራ የሚባል የገበያ ሰፈር፣ ዕቃ ጫኝ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች ሁለት ኢንቮይስ (የዕቃ ዋጋ ሰነድ) ሲጠይቁ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ እውነተኛው ዋጋ፣ ሌላው ለጉምሩክ የሚሄደው ዝቅ ያለው።

ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው መልሳቸው ዶላር ነበር። ባንክ የፈቀደላቸው የዕቃውን ዋጋ አይሸፍንም። ቀሪውን ከጥቁር ገበያ ገዝተው በሐዋላ ይልካሉ። ያ ገንዘብ መዝገብ ላይ የለም። መዝገብ ላይ በሌለ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ደግሞ በሙሉ ዋጋው ደረሰኝ ሊቆረጥለት አይችልም። ቢቆረጥ "ይሄን ሁሉ ትርፍ ከየት አመጣህ" ይባላል። 30 ሺህ የተጻፈበት የሳሪሱ ወንድማችን ደረሰኝ የተወለደው እዚህ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያኔ ሁለተኛው ኢንቮይስ ይቀራል ብዬ አስቤ ነበር። ቀንሷል፤ አልቀረም። ቀረጡም የሚሰላው ኢንቮይሱ ላይ ካለው ዋጋ ስለሆነ ዝቅ የማድረግ ፍላጎቱ አለ።

የሕግ ተማሪ፦
እሺ፣ እዚህ ጋ አቋሜን ላስተካክል። ግዴታው የእያንዳንዱ ሻጭ ነው ያልኩት አይለወጥም። ግን እኮ ጅምላ ሻጩም፣ አስመጪውም በዚያው አዋጅ ስር ናቸው። ሕጉ የሚለያቸው ነገር የለም። የለያቸው አፈጻጸሙ ነው።

ስለዚህ የሳሪሱ ወንድሜ፣ ለምን አታመለክትም? ደረሰኝ የከለከለህን ሰው አሳውቅ። ሕጉ ከአንተ ጋር ነው።

የሳሪሱ ቸርቻሪ፦
ወንድሜ፣ ይሄን የምትለው ሱቅ ስለሌለህ ነው፤ በክፋት አይደለም፣ አትቀየመኝ። ያ ሰው ዕቃ በዱቤ የሚሰጠኝ ሰው ነው። ባለፈው ገና ሰሞን የ120 ሺህ ብር ልብስ ያለ አንድ ፊርማ አሸክሞ ሰዶኛል። "ስትሸጥ ታመጣለህ" ብሎ። ባንክ ብሄድ ቤትህን አስይዝ ይለኛል፤ ቤት የለኝም፣ በኪራይ ነው የምኖረው። ልጄ ስትታመም ስልክ ደውሎ "የዚህን ወር ተወው" ያለኝ እሱ ነው። እሱን ካመለከትኩ ሱቄ በሁለት ወር ይዘጋል። መርካቶ ደግሞ ወሬ ቶሎ ይሄዳል። ሌላ ጅምላ ሻጭም አይሰጠኝም።

ጥሩ ሰው ነው። ደረሰኝ ግን አይሰጠኝም። ሁለቱም እውነት ነው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ይሄ ነው ክፍል ውስጥ ያልተነሳው ነገር። እዚህ አገር ደረሰኙን የያዘው ሰውና ብድሩን የያዘው ሰው አንድ ነው። ሥነ ምግባር ስንል "እውነት ተናገር" ብቻ ካልን ይሄን ልጅ ኑሮህን ዝጋ እያልነው ነው። በእኔ እምነት ቁጥጥሩ ከጉምሩክ መጋዘን መጀመር አለበት። መጀመሪያ አስመጪው፣ ከዚያ ጅምላ ሻጩ፣ ቸርቻሪው መጨረሻ። ከላይ ሙሉ ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ ከወረደ ታች ያለው ለመደበቅ ምክንያት አይኖረውም፤ እንዲያውም ወጪው እንዲያዝለት ራሱ ይጠይቃል።

ግን አንተም ስማኝ ወንድሜ። ወረቀት የሚያስፈልገው ለግብር ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2017 የመርካቶው ሸማ ተራ ሲቃጠል አስብ። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣብህ፣ ከተቃጠለው ዕቃህ ውስጥ ያለ ደረሰኝ የገዛኸውን ለማን ታስረዳለህ? የመድን ድርጅት "ይህን ያህል ነበረኝ" በሚል ቃል አይከፍልም። ስንት ዓመት የለፋህበት ሀብት ወረቀት ላይ የለም ማለት ነው።

ጡረተኛው፦
ሌላም አደጋ አለ። ወጪውን ማስያዝ ያቃተው ነጋዴ ደረሰኝ ብቻ ወደሚሸጡ ሰዎች ይሄዳል። ዕቃ የላቸውም፤ የሚሸጡት ወረቀት ነው። ልጄ፣ እባክህ ወደዚያ እንዳትጠጋ። ደረሰኝ ያልቆረጠ ሰው፣ ሕጉ እስርም ቢኖረው፣ አንዳንዴ ቅጣት ከፍሎ ሊወጣ ይችላል። በሐሰተኛ ደረሰኝ የተያዘ ሰው ግን ነገሩ ማጭበርበር ይሆንበታል። እኔ ፊት አልቅሰው የሄዱ አሉ። አብዛኞቹ ሌቦች አልነበሩም። ሂሳባቸው አልገጥም ብሏቸው ነው የገቡበት።

የጀሞዋ እናት፦
ስታወሩ እያነበብኩ ነበር። ለጥያቄዬ ማንም ቀጥታ አልመለሰልኝም፤ ራሴ ልመልስ። አዎ፣ በከፊል ጥፋተኛ ነኝ። ሻጩ የቀነሰልኝ ከራሱ ኪስ አልነበረም፤ ቫቱን ነው የተወልኝ። እሱ ደግሞ ሽያጩን ደበቀ። በልዋጩ እኔ መብቴን ሰጠሁት። ቢገባኝ ኖሮ አልለውጥም ነበር፤ በ150 ብር።

ግን አንድ ነገር ለሻጮች ልበል። ዋጋ ስትነግሩን ቫቱን ጨምራችሁ ንገሩን። "1,200 ነው" ብላችሁ ሂሳብ ላይ 1,380 ስትሉን ደረሰኙ ቅጣት ይመስለናል። ከመጀመሪያው 1,380 ብትሉኝ አስቤበት እገባለሁ ወይም እተወዋለሁ።

የሕግ ተማሪ፦
እህታችን ልክ ናት። አመልክት ያልኩትንም ትቻለሁ። በዱቤ የታሰረን ሰው ጠቋሚ ሁን ማለት የማይሆን ምክር ነው። ጠይቅ ግን እላለሁ። በየጊዜው ጠይቅ። አንድ ሰው ብቻ ሲጠይቅ ዕቃው "አልቋል" ይባላል። ሃያ ደንበኛ ከጠየቀ ጅምላ ሻጩም ወደ አስመጪው ዞሮ ይጠይቃል።

የሳሪሱ ቸርቻሪ፦
ይሄን እችላለሁ። ቅዳሜ መርካቶ እሄዳለሁ። ሦስት ቦታ ገብቼ ለአንድ ዓይነት ጃኬት በደረሰኝ ስንት፣ ያለ ደረሰኝ ስንት ብዬ እጠይቃለሁ። ለደንበኛዬም ቢያንስ ግማሹን በሙሉ ዋጋው ቁረጥልኝ እለዋለሁ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። እሁድ ማታ የሆነውን እዚህ እጽፋለሁ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ስትጽፍ የከፈልከውንና ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ለየብቻ አድርግልኝ። ልዩነቱን አብረን እናሰላዋለን።