«ኢትዮጵያ» ሲወጣ ደሴና ኮምቦልቻ የነበራችሁ፦ ያስደሰታችሁ ዘፈኑ ነበር ወይስ ጥበቃው?

የቧንቧ ውሃዋ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የተሰኘውን አልበም በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ሲያወጣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ ሳምንት የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ደሴ ወዳለው ሰፈራችን ወደ ቧንቧ ውሃ ስንመለስ በየሱቁ በር የሚከፈተው ያው አንድ ዘፈን ስለነበር፣ ከአንዱ ሱቅ መግቢያውን፣ ከቀጣዩ አዝማቹን፣ ከሦስተኛው ደግሞ መጨረሻውን እየሰማን ቤት ስንደርስ ግጥሙን ሸምድደነው ነበር።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጊዜ ሳገኝ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ አዳመጥኩት። ወድጄዋለሁ። ሆኖም ታላላቆቼ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ፊታቸው ላይ የማየውን ስሜት በራሴ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። እናቴ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ አልበም አልሰማሁም ትላለች፤ አጎቴ ደግሞ የቀድሞ አልበሙን «ጥቁር ሰው»ን አያህልም ይላል። ሁለቱም በአንድ ቤት፣ በአንድ ማጫወቻ፣ በአንድ ቀን የሰሙ ናቸው። በዚያን ጊዜ ያስደሰታችሁ ዘፈኖቹ ራሳቸው ነበሩ ወይስ ያን ያህል ዓመት መጠበቃችሁ? ቅር የተሰኛችሁም ካላችሁ በምን ምክንያት እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


ባለሱቁ (ፒያሳ)፦

እህቴ፣ በዚያን ጊዜ ደሴ ፒያሳ ላይ የካሴትና የሲዲ ሱቅ ስለነበረኝ ጥያቄሽ በቀጥታ የሚመለከተኝ ነው፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

«ጥቁር ሰው» የወጣው በ2004 ዓ.ም. ስለነበር በመካከሉ 5 ዓመት አልፏል። አልፎ አልፎ ነጠላ ዜማ ቢለቀቅም ደንበኞቼ «ሙሉው መቼ ነው?» ማለታቸውን አንድም ወር አላቋረጡም። ጥበቃውን ይበልጥ ያከበደው ግን ወቅቱ ነው። ከመስከረም 2009 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሥር ነበረች፤ ሰው ሰብሰብ ብሎ የልቡን መጨዋወት በፈራበት ወቅት ስሙ «ኢትዮጵያ» የሆነ አልበም ሲመጣ፣ ብዙው ሰው ዘፈን ብቻ ሊገዛ አልመጣም።

የሲዲ ደንበኛ ልማዱ የታወቀ ነው። «እስቲ ክፈተውና ልስማው» ይላል፣ ሦስት አራቱን ይሰማል፣ ከዚያ በዋጋ ይከራከራል። በዚያ ሳምንት ግን ክፈትልኝ ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጠኝና ይዞ ይሄዳል። ለገበያ የመጡ አንድ አባት ቤታቸው ማጫወቻ እንደሌለ እየነገሩኝ አንድ ሲዲ ገዙ፤ በጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ ሸጉጠው፣ ደግመው በእጃቸው ደባብሰው መኖሩን አረጋግጠው ሄዱ። እኚህን አባት ዘፈኑ አስደሰታቸው ማለት አልችልም፤ ገና አልሰሙትማ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ የጥበቃው ነበር ብዬ ብመልስልሽ አልዋሽሽም። ሦስተኛው ሳምንት ግን ሌላ ነው። ገዝተው የሄዱት ሰዎች ተመልሰው ለመኪና የሚሆን በፍላሽ እንድገለብጥላቸው ሲጠይቁኝ፣ የብዙዎቹ ምርጫ ስሙን ለአልበሙ የሰጠው ዘፈን አልነበረም፤ «ማር እስከ ጧፍ» ነበር። ዘፈኑ የሚያስታውሰውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበም፣ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማም፣ ከናካቴው የማያውቀውም እኩል ነበር የሚጠይቀው። ጥበቃ ሲዲ ሊያሸጥ ይችላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሰውን ወደ ሱቅ የሚመልሰው ግን ዜማው ብቻ ነው።

እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝን አንድ ነገር ልጨምር። አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሠንጠረዥ ላይ 1ኛ መውጣቱ ሲሰማ ገበያው እንደገና ደራ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ሊካሄድ የነበረው የአልበሙ ምርቃት ሲከለከል ደግሞ የሱቄ ወሬ ሁሉ ክልከላው ሆነ። ከዚያ በኋላ ስለ ድምፁ፣ ስለ ግጥሙ፣ ስለ ቅንብሩ አንስቶ የሚያወራኝ ሰው አላገኘሁም። ያን ያህል የተደከመበት ሥራ በዚያ መልክ መነጋገሪያ ሆኖ መቅረቱ አግባብ አልነበረም።


ሐረጎ ላይ፦

እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እሠራለሁ። ሐረጎን የሚያውቅ ሰው እንደሚገባው ጠመዝማዛው ላይ ተሳፋሪ አያወራም፤ መጋረጃውን ይዞ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ከደሴ መናኸሪያ ስነሣ አልበሙን ከመጀመሪያው እጀምረውና ኮምቦልቻ ወርደን ሰው ሙቀቱ ሲሰማው፣ ነጠላና ሹራቡን ማውለቅ ሲጀምር፣ ገና ብዙ ዘፈን ይቀረኛል። በመልሱ ጉዞ ከቆመበት እቀጥላለሁ። ስለዚህ ጠዋት የሚወርዱት የአልበሙን መጀመሪያ፣ ወደ ደሴ የሚወጡት ደግሞ መጨረሻውን ብቻ ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዲት ሁልጊዜ ከእኔ ጋር የምትመላለስ የፋብሪካ ሠራተኛ «ዛሬ እንኳ ለእኛ መጀመሪያውን አሰማን» ብላ ለምናኛለች።

ባለሱቁ ወንድሜ ያልከው ትክክል ነው፤ ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. ጎሳዬ ተስፋዬ ከረጅም ዝምታ በኋላ «ሲያምሽ ያመኛል» የሚለውን አልበም ይዞ ሲመለስ ያየሁትን ልናገር። ያኔም ሰው ጓጉቶ ነበር። ነገር ግን ተሳፋሪው ያወራ የነበረው ስለ ድምፁ ነው፤ «አልተለወጠም»፣ «ትንሽ ከብዷል»፣ «ይህን ዜማ ሌላ ሰው አይችለውም» ይባባሉ ነበር። የፍቅር ዘፈን ይዞ የመጣ ሰው በድምፁ ይመዘናል። አገርን ይዞ የመጣ ሰው ግን ሰሚው መጀመሪያ የራሱን ሐሳብ ይፈትሽበታል። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት በእኔ መኪና ውስጥ ጎልቶ ይታይ ነበር።


ጡረተኛው የታሪክ መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ያለው የአጎትሽና የእናትሽ ልዩነት ከሁሉ በላይ ስቦኛል። አጎትሽ ለምን «ጥቁር ሰው»ን እንደመረጠ የምገምተው አለኝ፤ ቅር ከተሰኙት አንዱ እኔ ስለሆንኩ።

ከደሴ ሆነን ስንሰማቸው እነዚህ ሁለት አልበሞች ስለ ሩቅ አገር አይደለም የሚናገሩት። «ጥቁር ሰው» ዐፄ ምኒልክንና የዓድዋን ድል የሚያወሳ ነው። ለጦርነቱ ሰበብ የሆነው ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ከዚህ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ በምናልፋት በውጫሌ ነው። በ1888 ዓ.ም. መባቻ የክተቱ ዐዋጅ ሲነገርም የሸዋ ሰው እንዲከትት የታዘዘው ወረኢሉ ላይ ነው። ስለዚህ የወሎ ሰው ያን ዘፈን ሲሰማ ስሙ ባይጠራም ራሱን ያገኘዋል፤ አያቱ የዘመቱበት፣ ምድሩ ሠራዊት ያሳለፈበት ታሪክ ነው።

በ2009ኙ አልበም ውስጥ ያለው የዐፄ ቴዎድሮስ ዘፈን ግን በእኛ ጆሮ ሌላ ነው። መቅደላ የደቡብ ወሎ አምባ ነው፤ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት እዚሁ ነው፤ በዚህ የማይኮራ የለም። ሆኖም ያ አምባ ከዚያ ቀን በፊት የብዙ ወሎዬ እስር ቤት ነበር። ቴዎድሮስ ከነገሡ ብዙም ሳይቆዩ የዘመቱት ወሎ ላይ ነው፤ ከዚያም ደጋግመው ተመልሰዋል፤ ቅጣቱም የበረታ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ ተቀብለው መንገድ የሰጧቸው የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። የእኚህ እናት ልጅ በዚያን ሰዓት በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነበር፤ ንጉሡም የምኒልክን ማምለጥ በሰሙ ጊዜ በልጁ ላይ ተበቀሉ። እንግዲህ የአንዱ አልበም ጀግና ነፍሱ የተረፈችው፣ በሌላው አልበም ጀግና እጅ ልጇን ባጣች የወሎ እናት ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ኖሬ፣ የተባለውን ዘፈን የሰማሁ ቀን ወርቂትን ፈለግኋት። አላገኘኋትም።

ዘፋኙ የቴዎድሮስን ራእይና መጨረሻ መምረጡ መብቱ ነው፤ በድምፁም ጥራት ቅር አልተሰኘሁም። የእኔ ቅሬታ እኛ አድማጮች ላይ ነው። ዘፈኑን ተቀብለን በየሱቁ በር ስንከፍተው፣ ከመካከላችን የጎደለውን ለልጆቹ የነገረ ሰው ማነስ የለበትም ነበር። አጎትሽን ጠይቂልኝ፤ ምክንያቱ ይህ ካልሆነ ትክክለኛውን ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።


የኮምቦልቻው ኪቦርድ፦

መምህር፣ ለተናገሩት አክብሮቴ ከፍ ያለ ነው፤ የወይዘሮ ወርቂትን ነገር ከእርስዎ ነው ገና መስማቴ። በአንድ ነገር ግን ልለይዎት። ዘፈን ጥቂት ደቂቃ ነው ያለው፤ አንድ ሰው አንድ ስሜት ይዞ ካልገባበት ግጥሙ የስም ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። ወርቂትን የሚዘፍን ሌላ ሰው ያስፈልገናል እንጂ፣ የቴዎድሮሱ ዘፈን እሷን ባለመያዙ ጎደለ የሚለውን አልቀበልም። ያን ሌላ ሰው ደግሞ ከወሎ መጠበቅ የለብንም ወይ? ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በእኛ ምድር ስም የሚጠሩ ሆነው ሳለ የራሳችንን እናት ዜማ ውስጥ ሳናስገባ ቀርተናል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። እኔ በኮምቦልቻና በአካባቢው ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ሠርግ ቤት ማንም ለዘፋኝ ይሉኝታ የለውም፤ የማያስነሣውን ዘፈን ሰው ተቀምጦ ይበላበታል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ስም የሰጠውን ዘፈን እንድንጫወት ይጠይቁን ነበር፤ ስንጀምረው ሰው ቆሞ ያጨበጭባል፣ አብሮ ይዘምራል፣ ግን እስክስታ አይወርድበትም፤ እንደ መዝሙር ነበር የያዘው። በቀጣዩ ዓመት ጥያቄው እየሳሳ ሄደ። «ማር እስከ ጧፍ» ግን ዛሬም ይጠየቃል፤ ያውም ሙሽሮቹ ሲገቡ ሳይሆን ማምሻውን፣ ሞቅታው በርዶ ትልልቆቹ ሰዎች ወንበራቸውን ጠጋ ሲያደርጉ። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር መጨረሻው ሐዘን መሆኑን እያወቁ በሠርግ ቀን የሚጠይቁበትን ምክንያት ብዙ አስቤበታለሁ። ግጥሙ የታወቀ ታሪክ ስለሚያስታውስ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ያልተሳካ ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ ያገኛል መሰለኝ። አንዴ የሙሽራዋ አባት አጠገቤ ቆመው፣ እጃቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳርፈው፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም።

እህቴ፣ አንቺ የጎደለብኝ ስሜት ያልሽው ጉድለት አይመስለኝም። አንቺ የሰማሽው ያለ አስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ፣ ያለ 5 ዓመቱ ጥበቃ፣ ያለ ክልከላው ወሬ ነው። እኛ ያን ጊዜ ልናደርገው ያልቻልነውን አንቺ አድርገሽዋል፤ ስለዚህ የትኛው ዘፈን ጥሩ፣ የትኛው ደካማ እንደሆነ የአንቺን ፍርድ መስማት እፈልጋለሁ።


የቧንቧ ውሃዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ አጎቴን ጠየቅሁት። የእርሱ ምክንያት ታሪኩ አይደለም፤ «ጥቁር ሰው» የወጣው ሥራ በያዘበት ዓመት በመሆኑ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ሲዲ ስለሆነ ነው። የወይዘሮ ወርቂትን ታሪክ ግን እኔ አንብቤለት፣ ድጋሚ እንዳነብለት ጠይቆኛል።

ለኮምቦልቻው ወንድሜ፦ ለእኔ «ማር እስከ ጧፍ» ከሁሉ ይበልጥብኛል። የቴዎድሮሱ ዘፈን በቅንብሩ ትልቅ ነው፤ ከመምህር ጽሑፍ በኋላ ስሰማው ግን ደስታዬ እንደ በፊቱ አልሆነም፤ ይህም ዘፈኑን የሚጎዳው አይመስለኝም፤ ይበልጥ አተኩሬ አዳምጫለሁና። ወደ አልበሙ መጨረሻ ካሉት አንዳንዶቹ ባይካተቱ ኖሮ የተሻለ ይሆን ነበር የሚል ሐሳብ አለኝ። አንድ የቸገረኝ ነገር አለ፤ በስልኬ ስሰማ ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን ማን ማን እንደሠራው በየዘፈኑ ተለይቶ የሚታይ ነገር አጣሁ። የእናቴ ሲዲ ከነሽፋኑ ጠፍቷል። ሽፋኑ ያለው ሰው ይኖር ይሆን?


ባለሱቁ (ፒያሳ)፦

አለኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማውን ለቅቀን ወጥተን ነበር፤ ስንመለስ ሱቁ ባዶ ነው፣ መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሏል። ሲዲ ንግዱንም ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ። እህቴ ቤት ሸዋ በር ያስቀመጥኩት አንድ ካርቶን ግን ተርፏል፤ «ኢትዮጵያ» ከነሽፋኑ፣ ከነግጥም ወረቀቱ ከውስጡ አለ። የስልክ መለዋወጫ የምሸጥበት አዲሱ ሱቅ እዚያው ፒያሳ ከቀድሞው ፊት ለፊት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብትመጪ ሽፋኑን ተቀምጠሽ ትገለብጪዋለሽ፤ ሲዲውን ለእናትሽ ውሰጂላት፣ ማጫወቻው ካልሠራ ግን እሱንም ይዘሽ ነይ፣ ከነመፍቻዬ እጠብቅሻለሁ።